ጭጭ ያለው ሜክ

እኛ ዘንድ ምንም ወሬ የሌለው ሰው ስልክ ሲደውል ሃያ ደቂቃ ያወራል። «ደህና ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» «ይመስገን። ልጆቹስ?» «ደህና ናቸው። እማማስ?» «ትንሽ እግሯን ነው እንጂ ደህና ናት።» እንዲህ እየተባለ የቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ ተጠርቶ ደህንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ «በል እንግዲህ፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ተብሎ ይዘጋል። አዲስ ነገር አልተነገረም፤ ቅር ያለውም የለም። የሚያስደነግጠን ደውሎ ዝም ያለው ነው። አጠገባችን የተቀመጠው ሰው እንኳ ፊታችንን አይቶ «ምነው? ማን ሞተ?» ይላል።

የእኔ እንጀራ ግን ይህን ወግ ከማያውቁ ፍጡራን ጋር ነው የታዘዘው። ኮምፒውተር ላይ ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናል የምንለውን ማለቴ ነው፣ ከፍቼ አንድ ፋይል ቅዳ ስለው ይቀዳና ዝም። አጥፋ ስለው ያጠፋና ዝም። «እሺ» የለ፣ «አቤት» የለ። ትንፍሽ የሚለው ያልሆነለት እንደሆነ ብቻ ነው። ሙያውን እንደጀመርኩ ይህ ነገር ኩርፊያ እየመሰለኝ አንዱን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ እደግመው ነበር። (የአጥፋን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ የደገመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሌላ ቀን አወጋለሁ።)

አመሉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ኒው ጀርዚ፣ መሪ ሂል ላይ ባለው የቤል ላብስ ቤተ ሙከራ ሲጠነሰስ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት በቴሌታይፕ ነበር። ሞዴል 33 የሚባለው ቴሌታይፕ በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ ነው ወረቀት ላይ የሚቀጠቅጠው፤ ጫጫታው ለጎረቤት ይተርፋል። እስቲ ይህ ማሽን እንደ እኛ አገር ሰው ሰላምታ ያቅርብ! የቤተሰቡን ደህንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ወረቀቱ ያልቃል። ስለዚህ ሁሉ ሰላም ከሆነ ዝም ማለት ጨዋነት ሆነ። ቴሌታይፑ ሙዚየም ገባ፤ አመሉ ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ከዝምተኞቹ አንዱ ሜክ ይባላል። አንድ ፕሮግራም ከብዙ ፋይሎች ነው የሚገጣጠመው፤ ከመካከላቸው አንዱን ስለነካህ ሁሉንም እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ መተርጎም፣ ጊዜ ማባከን ነው። የትኛው ይሠራ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው ሜክ ነው። አወሳሰኑ ግን የሚገርም የዋህነት አለበት። ፋይሉ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አያነብም። የሚያየው ሰዓት ብቻ ነው፦ ሊጡ ከእንጀራው በኋላ ተነክቷል ወይ? ከተነካ ይጋግራል፤ ካልተነካ ያለውን እንጀራ ብሉ ይላል። በቃ።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

የካቲት 2005 ዓ.ም. ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ለደንበኞቹ ደረሰኝ የሚያትም፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ አሮጌ ፕሮግራም ነበረው። የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ ያወረሰኝ አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ፣ አንድ የተሰነጠቀ ማውስ፣ እና «ሥራ» የምትባል አጭር ስክሪፕት ነበር። «ሥራ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ኢንተር ትመታለህ፣ ጥቂት ትጠብቃለህ፣ ፕሮግራሙ ተሠርቶ ይገኛል። ከውስጧ ሜክን እንደምትጠራ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ከፍቼ አይቻት አላውቅም። የሚሠራ ነገር አይነካም የሚል ሃይማኖት አለን።

ጥር ላይ የወሮቹን ስም ዝርዝር እንደ አዲስ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥር ሲያልቅና የካቲት ሲጠባ፣ ዓርብ ዕለት፣ ደረሰኙ ሁሉ «የከቲት» እያለ መታተም ጀመረ። ቅዳሜና እሑድ መብራት አልነበረም። ሰኞ የካቲት 4 ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ፤ አብሮት የሄደው ኢንተርኔት ግን አብሮት አልተመለሰም። አለቃዬ ከመብራቱ እኩል ገቡ። እጃቸው ላይ ደረሰኝ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምን የሚሉት ወር ነው?»

«አስተካክላለሁ ጋሼ።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ደንበኛው ራሱ መጥቶ ያስተካክልሃል።»

ማስተካከሉ የአንዲት ፊደል ነገር ነው። ማሽኑን አስነሳሁ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ «ከ»ን «ካ» አደረግኩ፣ አስቀመጥኩ። «ሥራ» አልኩ። ኢንተር። ዝም። ጥሩ ነው፤ ዝም ማለት ደህና ማለት አይደል? ደረሰኝ ለሙከራ አተምኩ። «የከቲት»።

የፕሮግራመር መጀመሪያው ሥራ ዓይኑን መጠርጠር ነው። ፋይሉን ደግሜ ከፈትኩ፤ «የካቲት» ይላል። እንደገና «ሥራ»። ዝም። እንደገና አተምኩ። «የከቲት»። አንድ ትእዛዝ እንዴት እንደተጠናቀቀ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ በቁጥር ይመልሳል። ጠየቅኩ። «0» አለኝ። ትምህርት ቤት ዜሮ ያመጣ ልጅ ወላጅ ጥራ ይባላል፤ እዚህ ዓለም ግን ዜሮ ማለት እንከን የለም፣ ሁሉ ሰላም ማለት ነው። ሰላም! ወሩን በቁሙ አበላሽቶ ሰላም!

ከዚያ በኋላ ሙያው የሚፈቅደውን ብልግና ሁሉ ሠራሁ። ኮዱ ውስጥ በየቦታው «እዚህ ደርሻለሁ» ብለህ አትም የሚሉ መስመሮች ተከልኩ። አንዱም አልታተመ። ትክክለኛውን ፋይል ነው የማርመው ወይስ የድሮ ቅጂ? ስሙን በሌላ ስም ቀይሬ መለስኩት። ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ መላ አለ፤ ተስፋ የቆረጠ ሁሉ የሚያውቀው። ሆን ብሎ ማበላሸት። በሁለት የኮድ መስመሮች መካከል ገብቼ በንጹሕ አማርኛ «ኧረ ባክህ ተናገር» ብዬ ጻፍኩ። ለሲ ኮምፓይለር ይህ ቅዳሴ መሃል ገብቶ እንደመዝፈን ነው። ጤነኛ ኮምፓይለር ከሆነ ጣራውን የሚበሳ ጩኸት ማሰማት አለበት።

«ሥራ»። ኢንተር።

ዝም። ዜሮ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት ፍርሃት ያለኝ። የሚሳደብ ሰው ይታረቃል፤ ተሰድቦ ዝም ያለውን ምን ይሉታል?

የቀረኝ አንድ ትእዛዝ ነበር፦ ክሊን። ሜክን «ክሊን» ካልከው ቀድሞ የተሠራውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉን ከሊጡ ጀምሮ ከመጋገር በቀር ምርጫ የለውም። በ«ሥራ» በኩል ክሊን አልኩት። ዝም። ጠረገልኝ ብዬ «ሥራ» አልኩ። ዝም። አተምኩ። «የከቲት»። (ይህን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የደረስኩበት፦ ባለፈው ሳምንት የተጣራ የደንበኞች ዝርዝር በዚያው ፎልደር ውስጥ «ክሊን» ብዬ አስቀምጬ ነበር። ሜክ ደግሞ ክሊን የሚባለው ነገር ይሠራ ወይስ አይሠራ ብሎ ሲያይ ክሊን የሚባል ፋይል አለ፤ እንግዲህ ተሠርቷል ብሎ ተወው። ክሊን የፋይል ስም ሳይሆን የሥራ ስም ነው ብሎ አስቀድሞ የሚያስታውቅ አንድ መስመር አለ፤ ያወረሰኝ ልጅ አልጻፈውም። ፋይሉን ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ።)

የሚያስቀው ነገር ሜክ ራሱ የተወለደው እንዲህ ካለ ጠዋት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያው ቤል ላብስ ውስጥ ስቲቭ ጆንሰን የሚባለው ፕሮግራመር ዕድሉን እየረገመ ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ስህተቱን ካረመ በኋላ ያረመውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ረስቶ፣ ደህና የሆነውን ፕሮግራም ምን ሆነ እያለ ሲፈትሽ ነው ጠዋቱ ያለቀው። ፌልድማንም ባለፈው ምሽት ያው ደርሶበት ነበርና ይህን የሚያስታውስ መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለዚሁ ሥራው የኤሲኤም የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት ተሰጠው። በነገራችን ላይ፣ በሜክ መመሪያ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ የትእዛዝ መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ በስፔስ የጀመርክ እንደሆነ አልሠራም ይላል፤ ሁለቱ ደግሞ ለዓይን አንድ ናቸው። ፌልድማን ይህ መጥፎ መሆኑ ቶሎ ገብቶት ነበር። ግን እስከዚያ ድረስ አንድ ደርዘን የሚሆን ተጠቃሚ አፍርቶ ነበር፤ አብዛኞቹም ጓደኞቹ ናቸው፤ እነሱን ማስቸገር ከበደውና ተወው። ይሉኝታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለአሥራ ሁለት ሰው ተብላ የቀረች ታብ ይኸው እስከ ዛሬ የዓለሙን ፕሮግራመር ታስለቅሳለች።

አምስት ሰዓት ሲያልፍ ለአፓረንት የመጣው የዩኒቨርሲቲ ልጅ ወንበሩን እየገፋ ተጠጋኝ። ገና በ31 ዓመቴ «ጋሼ» የሚለኝ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ በፈሪንግ ይሆናል።»

የተማረውን ነው የሚናገረው፤ ቀልድም አይደለም። አንድ ፕሮግራም ወደ ስክሪን ሲጽፍ እንደ ኮንትራት ታክሲ ነው፤ አንድ መስመር እንደሞላ ይሄዳል። ወደ ፋይል ወይም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲጽፍ ግን እንደ ሚኒባስ ነው። ወያላው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል እንጂ ሳይሞላ ንቅንቅ የለም። ብዙ ጊዜ የሚሞላው በ4096 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይዞ ጥግ ይይዛል፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ብቻውን ተንሰራፍቶ እንደሚቀመጥ ባለ ጋቢ አዛውንት። ስለዚህ ሚኒባሱ 1365 ፊደል ይዞ ይሞላል። አንዳንዴ ጽሑፍ የጠፋ የሚመስለው ገና መናኸሪያ ቆሞ ሰው እየጠበቀ ነው።

«ታዲያ ፕሮግራሙ ሲያልቅ የያዘውን አያራግፍም?» አልኩት።

«ያራግፋል» አለና ወንበሩን እየገፋ ተመለሰ።

በዚህ መሃል እትዬ መጡ። እትዬ በኮሪደሩ ጫፍ ጀበና ጥደው ቡና የሚያፈሉልን ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ስለሚቀበሉ ሰዓት የሚጠይቁት እኔን ነው። ያን ቀን አፌን ለመክፈት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሁለት ሰዓት ከአሥር? ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ እኮ እኔ ገና ከቤቴም አልወጣሁ!»

«የፈረንጅ ነው እትዬ። ስድስት ይቀነሳል።»

እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። «ከሁለት ላይ ስድስት እንዴት ይቀነሳል? እሺ ይሁን፣ ስምንት ሆነ እንበል። የቀን ስምንት ነው የሌሊት?»

«እኔ እንጃ» አልኳቸው፤ እውነትም አልቆጠርኩም። ስልኬን አወጣሁ። አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር። እትዬ ስልኬንና ኮምፒውተሩን እያፈራረቁ አይተው፣ በኮምፒውተሩ አዝነው ሄዱ። እኔ ግን ምንም አልጠረጠርኩም! ዕድሜ ልኩን ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ የኖረ ሰው የተሳሳተ ሰዓት ሲያይ ስህተቱ ከራሱ ስሌት ይመስለዋል።

ሃያ ደቂቃ ሲቀረኝ ላወረሰኝ ልጅ ደወልኩ።

«አቤት! ደህና ነህ? ጠፋህ እኮ!»

«ደህና ነኝ። ስማ...»

«ልጁስ? አደገ?»

«አደገ። ስማኝማ...»

«ጋሼስ? ደህና ናቸው? ያ ጨጓራቸው?»

«ደህና ናቸው፤ አሁን እኔ ልጨምርባቸው ነው። ‹ሥራ› ዝም አለችኝ።»

«ዝም ማለቷማ ጥሩ ነው» አለ። «ዝም ያስባልኳት እኔ ነኝ።»

«እንዴት ማለት?»

«ጋሼ ናቸዋ! አንድ ቀን ኮምፓይል ሳደርግ ከኋላዬ ቆመው ያን ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሲወርድ አይተው ደነገጡ። ይሄ ሁሉ ስህተት እያለ ነው እንዴ ለደንበኛ የምንሰጠው አሉኝ። ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ስህተት አይደለም ብል ማን ይስማኛል? አጠፋሁላቸው።»

«ማስጠንቀቂያዎቹን አስተካከልካቸው?»

«አይ። ድምፃቸውን ነው ያጠፋሁት።»

ዘግቼ «ሥራ»ን ከፈትኳት። አንድ መስመር ናት። ሜክን ትጠራለች፤ ከጎኑ ሰረዝ እና ኤስ አለ፤ «አደብ ገዝተህ ሥራ» ማለት ነው። ይህች ስትኖር ሜክ የሚያዘውን ትእዛዝ አይናገርም፤ የሚሠራ ነገር ሲያጣ እንኳ «ምንም የሚሠራ የለም» የምትለውን ቃሉን ይውጣታል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከመስመሩ መጨረሻ ግን 2 ቁጥር፣ ቀስት፣ ዴቭ ነል ይላል።

ለዚህ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለመናገር ሁለት አፍ አለው፤ በ1 ቁጥሩ ወሬውን፣ በ2 ቁጥሩ እሮሮውን ያወጣል። ድሮ አንድ ብቻ ነበር። ቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፎቶ መተየቢያ ማሽን ገዝቶ ሰዎቹ ጽሑፋቸውን እዚያ ያሳትሙ ጀመር። ረጅሙን ወረቀት በሚከረፋ ኬሚካል ውስጥ አሳልፈው፣ ደቂቃዎች ጠብቀው ሲያወጡት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለብዙዎቹ የደረሳቸው ባማረ ፊደል የታተመች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ፋይሉን መክፈት አልተቻለም። ጉርምርምታው በረታ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለተኛው አፍ ተፈጠረ። ይህንንም ያወጋው ያው ስቲቭ ጆንሰን ነው፤ መከራ የሚወደው ሰው ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች እሮሮ ከሌላው ወሬ ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ ብለው ለብቻው አፍ አበጁለት። ዴቭ ነል ደግሞ የጣሉበትን ሁሉ የሚውጥ፣ ሞላሁ የማይል ጉድጓድ ነው። የእኛ ሰው ያን አፍ ወስዶ ጉድጓዱ ላይ ደፋው።

ኤስንም፣ ጉድጓዱንም አጠፋሁ። «ሥራ»። ኢንተር።

ተናገረ! ሁለት ማስጠንቀቂያና አንዲት ቃል። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ የሚለው እንዲህ ነው፦ ይህ ፋይል የተሻሻለበት ጊዜ ወደፊት 130 ሚሊዮን ሴኮንድ ይቀረዋል። ቀጥሎ፦ ለ«ኦል» የሚሠራ ምንም ነገር የለም። በመጨረሻ፦ የሰዓት መዛነፍ ታይቷል፤ ሥራህ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

አፓረንቱን ጠራሁት። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

«ጋሼ፣ ፋይሉ ከወደፊት ነው የመጣው ይላል እኮ» አለ።

130 ሚሊዮን ሴኮንድ አራት ዓመት ከጥቂት ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ማሽኑን ጠየቅኩት። ጃንዋሪ 1 ቀን 2009፣ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ከ24 አለኝ።

አሁን ነገሩ ሁሉ ገባኝ። መብራት በሌለበት ጊዜ ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚቆጥረው ማዘርቦርዱ ላይ በተለጠፈች ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነው። ባትሪዋ ሞታለች። ሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቀኑን ረስቶ ሲነሳ ከፋብሪካ የተሰጠውን ቀን ይዞ ተነሳ። ኢንተርኔት ቢኖር ከውጭ ጠይቆ ያስተካክል ነበር፤ አልነበረም። እኔ ሳርም የዋልኩት ፋይል ሁሉ በ2009 የታረመ ተብሎ ተመዘገበ። ጥር ላይ የተሠራው ፕሮግራም ደግሞ 2013 ይላል። ሜክ ሊጡን አየ፣ እንጀራውን አየ፤ እንጀራው ከሊጡ አራት ዓመት ዘግይቶ የተጋገረ ነው። ምን ይጋግራል?

እኛ 2005 ላይ ነን፤ ማሽኑ 2009 ይላል። የአገራችንን ዘመን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ማሽኑ አራት ዓመት ቀድሞናል ብሎ ያደንቀው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ማሽኑ ያለው ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ላይ ነው። ገና ሊደርስለት ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ እኛ ደግሞ ወደ ዐቢይ ጾም እየሄድን ነው።

ደግሞም ያልተነገረኝ ነገር አልነበረም። ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ጥቁር ላይ በነጭ አንድ ነገር ጽፎ፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን ብሎኝ ነበር። ኤፍ 1ን ተጫንኩ። ምን እንደሚል ማን ያነባል?

ሰዓቱን በእጄ አስተካከልኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ። «ሥራ»። ለ«ኦል» የሚሠራ ምንም ነገር የለም።

አፓረንቱ በጥፊ እንደተመታ ሰው አየኝ። እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ቢያንስ አሁን እየተነጋገርን ነው። ሰዓቱ ቢስተካከልም ያረምኳቸው ፋይሎች አሁንም የ2009 ማኅተም አለባቸው። ለዚህ ተች የምትባል ትእዛዝ አለች። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ሳትቀይር ዳሰስ ታደርገውና አሁን እንደተነካ ታስመስለዋለች። ሕፃን ልጅ ታሞ ሲያለቅስ እናቱ ግንባሩን እንደምትነካው። ፋይሎቹን ሁሉ በየተራ ዳሰስኩ።

«ሥራ»።

እንደ ክረምት ዝናብ ወረደ። መስመር በመስመር ላይ፣ ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ። ለዓመታት ጉድጓድ ውስጥ የተጣለው እሮሮ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት። ይህ ደግሞ ምንድነው ብዬ ሳነብ «ፕሮግራሙ ውስጥ የባዘነ ምልክት አለ፣ 341» ይላል፤ ቀጥሎም ሌላ የባዘነ፣ ሌላም። ቆጠርኩት። 27 ነው። ለካ «ኧረ ባክህ ተናገር» የሚለውን አላጠፋሁትም! ዘጠኝ ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ 3 ባይት፤ ኮምፓይለሩ ደግሞ አማርኛ ስለማያውቅ ለእያንዳንዷ ባይት ለየብቻዋ አቤት አለ። ተናገር ብዬ ለምኜው ነበር። ተናገረ፤ ሃያ ሰባት ጊዜ።

ከኋላዬ የኮቴ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ! ምን አደረግከው?»

«ተናገረልኝ ጋሼ!»

«ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«ማስጠንቀቂያ ነው። ስህተቶቹ የእኔ ናቸው፤ አሁን አጠፋቸዋለሁ።»

«የቀድሞው ልጅ ሲሠራ እኮ ጸጥ ብሎ ነበር የሚሠራው» አሉ፤ በኀዘን።

ሦስቱን ቃላት አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት። ጋሼ ማስጠንቀቂያው ሲወርድ አንገታቸውን እየነቀነቁ ቆመው አዩ። ደረሰኙ ወጣ። አንስተው ወደ ብርሃን ዘርግተው አነበቡት። «የካቲት» ይላል። ስድስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ነበር፤ በየትኛውም ሰዓት ቢቆጠር አርፍጃለሁ። ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ያን የሚወርደውን ነገር ግን መልስልኝ፤ ሰው ቢያይ ጥሩ አይደለም።»

ከምሳ በኋላ ፒያሳ ወጣሁና በረንዳ ላይ በመስታወት ሳጥን ሰዓት የሚጠግኑ ሰውዬ ዘንድ ቆምኩ። የሞተችውን ባትሪ አሳየኋቸው። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ስሟ ልኳ ነው፦ ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር።

«ለየትኛው ሰዓት ነው?»

«ለኮምፒውተር ነው አባባ።»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ኮምፒውተርም ሰዓት ያስራል?»

ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ያለ ምንም ጽሑፍ ተነሳ። ኤፍ 1 የለ፣ ምን የለ። እትዬ ቡናቸውን ይዘው መጡና፣ እንደ ትናንቱ ሳይጠይቁኝ፣ በራሳቸው ጎንበስ ብለው የስክሪኑን ጥግ አዩ። 9:50 ይላል።

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ!» አሉ ደንግጠው፤ ወዲያው ደግሞ በመስኮት ፀሐዩን አዩ። ስኒውን አስቀመጡልኝና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ትናንት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ፊት ፈረጠጠ። ያ ሰዓት ሠሪ ሸውዶሃል ልጄ፤ ሄደህ ገንዘብህን ተቀበል።»